ከፎቶው የቆረጥኳቸው እትዬ

ፎቶው እስከ ዛሬ ስልኬ ውስጥ አለ። ሁለት ቅጂ ነው። በአንደኛው ላይ አንዲት የቆርቆሮ ቤት፣ ቀለሙ የለቀቀ ሰማያዊ በር፣ በሩ ላይ ደግሞ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው የቆሙ ሴትዮ ይታያሉ። በሁለተኛው ላይ ያለው ቆርቆሮውና የበሩ ግማሽ ብቻ ነው። ሴትዮዋን ከፎቶው የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አሳርፌ ጠርዙን ወደ ውስጥ ገፋ ማድረግ ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ለማስነጠስ እንኳ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።

ሴትዮዋን ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ ነው የምላቸው። መተማ ዮሐንስ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው በዚያች የኪራይ ቤት ስንት ዓመት እንደኖሩ ራሳቸውም በትክክል አያውቁትም። ሥራቸው አደራ መጠበቅ ነው። ይህን ለአገሩ እንግዳ ለሆነ ሰው ማስረዳት ይኖርብኛል። ሰሊጥ ሊታጨድ ሲል ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከራሳችንም ደጋ የቀን ሠራተኞች እየጎረፉ ይመጣሉ፤ እኛ ሳሉግ እንላቸዋለን። መተማ ላይ ከአውቶቡስ ወርደው፣ የትራክተር ተጎታች ላይ ተጭነው፣ ወደ ሽንፋ አቅጣጫ በየእርሻው ይበተናሉ። እርሻው ላይ መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ የሚተኙትም አንድ የሣር ዳስ ውስጥ አርባና ሃምሳ ሆነው ነው። ስልክ ይዞ የገባ ሰው ወይ ይሰረቅበታል፣ ወይ ላብና አቧራ ይጨርስበታል። ስለዚህ ከመግባታቸው በፊት ስልካቸውን እትዬ ዘንድ ያስቀምጣሉ።

ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። እትዬ ማንበብም መጻፍም አይችሉም። ያላቸው ክር ነው። አንድ ክንድ የሚያህል ክር ይቆርጡና ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን ስልኩ ላይ፣ ግማሹን ባለቤቱ እጅ ላይ ያስራሉ። የአንዱ ቀይና ነጭ ተገምዶ ነው፣ የሌላው ሐምራዊ ሆኖ ሁለት ቋጠሮ አለው፣ የሌላው ደግሞ ቢጫ ነው። ሰውየው ከወር በኋላ ሲወጣ እጁን ይዘረጋል፤ እሳቸው ክሩን ያያሉ፣ ስልኩን ያነሳሉ። ለመብራቱ ትንሽ ነገር ያስከፍላሉ እንጂ ለጥበቃው አያስከፍሉም። አንድም ቀን ተሳስተው የሰው ስልክ ለሰው ሰጥተው አያውቁም።

ስልኮቹ ግን አይጠፉም፤ ዋናው ነገር ይህ ነው። ሁሉም ግድግዳው ላይ ተንጠልጥለው፣ ሶኬት ላይ ተሰክተው፣ ሌት ተቀን ክፍት ሆነው ይውላሉ ያድራሉ፤ ምክንያቱም እናት ትደውላለች። እትዬ የጮኸውን ስልክ ሁሉ ያነሳሉ። ጆሯቸው ስለደከመ ላውድ ስፒከር አድርገው ነው የሚያወሩት። «ልጅዎ ደኅና ነው፣ እርሻ ገብቷል። እኔ የስልኩ ጠባቂ ነኝ። መልክት ካለዎ ይንገሩኝ፣ በትራክተር እልክለታለሁ» ይላሉ። ወሬው የሞት ከሆነ ግን ሞት ብለው አይልኩበትም። ለትራክተር ሹፌሩ «ቤት ትፈለጋለህ፣ ቶሎ ውጣ በለው» ብቻ ነው የሚሉት። ሰውየው እስኪደርስ ሁለት ሽማግሌ ይለምናሉ፣ የአገሩ ልጅ ካለ አፈላልገው ይጠራሉ፤ ሲመጣ ያስቀምጡታል፣ ውሃ ያጠጡታል፣ ከዚያ መርዶው እንደ ወጉ ይነገረዋል። ከዘመዱ የስንት ቀን መንገድ ቢርቅም እትዬ ቤት ብቻውን ያለቀሰ ሳሉግ የለም።

አባቴም ሳሉግ ነበር። ከደጋ ለአንድ አጨዳ ብሎ መጥቶ በዚያው ቀረ። ያኔ ስልክ ስላልነበረ እትዬ ዘንድ ያስቀምጥ የነበረው ጋቢውንና መታወቂያውን ነው። እኔን አስተማረኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስታትስቲክስ አጠናሁ፣ አዲስ አበባ ሥራ ያዝኩ። ይህን ስጽፍ የምኮራ እንዳይመስልባችሁ፤ የኮራሁት ያኔ ነው፣ ነገሩ የተበላሸውም በዚያ ኩራት ነው።

የተቀጠርኩበት ድርጅት የገበያና የቤት ንብረት ጥናት ይሠራል። ድሮ እንዲህ ያለ ጥናት ወረቀት ይዞ በር ማንኳኳት ነበር፤ እኛ በር አናንኳኳም። የምንሠራው በቢግ ዳታ ነው። ከስልክ መተግበሪያዎች የሚለቀም፣ የማን እንደሆነ የማይናገር የቦታ መረጃ እንገዛለን። አንዱ ፕሮግራም ከሳተላይት ፎቶ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ይቆጥራል። ሌላው ደላሎች በየቴሌግራሙ የሚለጥፉትን የኪራይና የሽያጭ ማስታወቂያ ለቅሞ ያመጣል። ሁሉም ይደባለቅና ካርታ ሆኖ ይወጣል፤ ሰው የሚበዛበት ቦታ ይቀላል፣ ሰው የሌለበት ይጠቁራል። ደንበኛው እሱን አይቶ ሆቴሉን የት እንደሚሠራ፣ መጋዘኑን የት እንደሚከራይ ይወስናል። አንድ የማንጠራጠረው ሕግ ነበረን፦ ስልክ ሌሊት ሌሊት የሚያድርበት ቦታ የባለቤቱ ቤት ነው። እኔ ራሴ ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ ስለምተኛ ሕጉ ትክክል መስሎ ይታየኝ ነበር።

ድርጅቱ የጠረፍ ከተሞችን ማጥናት ሲጀምር «አንተ የአገሩ ልጅ ነህ» ተብዬ መተማ ተላክሁ። የሥራ መደቤ የመስክ አረጋጋጭ ይባላል፤ ኮምፒውተሩ አየሁ ያለውን ሄዶ በዓይኑ የሚያይ ሰው ማለት ነው። ከዚያ ውጪ ሥራ አልነበረኝም። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሠርቻለሁ፣ ይህን መካድ አልፈልግም። ፕሮግራሙ ባለፈው ዓመት ፎቶ ላይ ከአንድ ማሳ መሀል መንደር አገኘሁ ብሎ ነበር፤ እኔ አይቼ የሰሊጥ ነዶ ክምር ነው አልኩ። የሱዳን ሲም ካርድ እየተጠቀመ የሚነግደውን ሰው ካርታችን ጭራሽ እንደማያየውም የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ተመሰገንኩ። ምስጋናው ልቤን አሳበጠው።

ከመጣሁ ሦስት ሳምንት ቢሞላኝም እትዬን አልጠየቅኋቸውም ነበር። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ሰበብ አላጣም፤ ሙቀቱ፣ ሥራው፣ የኢንተርኔቱ መቆራረጥ። እውነቱ ሌላ ነው። አባቴ ሲሞት ድንኳኑ የተጣለው እሳቸው በር ላይ ነው፤ ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሰው ሁሉ ያስተናገዱት፣ አርባውን ያወጡት እሳቸው ናቸው። እኔ ከአርባው ማግስት አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ደውዬ ደኅና ነዎት ወይ አላልኩም። ቀኑ በገፋ ቁጥር ምን ይዤ፣ ምን ብዬ እገባለሁ እያልኩ ጭራሽ ራቅሁ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ በኢንተርኔት ስብሰባ ተደረገ። ባለፈው የአጨዳ ወራት የተሰበሰበው መረጃ ካርታ ሆኖ ቀረበ። ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ነጥብ እንደ ፍም ቀልታለች። አለቃዬ፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ ቆፍጣና ሴት፣ «ይሄ ምንድን ነው? በጥቅምትና በኅዳር በመቶ የሚቆጠር ሰው እዚች ጋ ያድራል» አለች። ሁሉም የእኔን መልስ ጠበቀ። ቤቱን ከሰማይ አይቼው ስለማላውቅ የማን እንደሆነ አልለየሁትም። አላውቅም፣ ነገ ሄጄ ልየው ማለት ይቻል ነበር። የአገሩ ልጅ ተብሎ የተላከ ሰው ግን አላውቅም ማለት ያንቀዋል። «የሠራተኞች ማደሪያ እየሆነ የመጣ ሠፈር ነው» አልኩ። «ፔንሲዮን አለ፣ ምግብ ቤት አለ፣ ሱቅ አለ፤ በጣም እያደገ ነው።» ሳወራው እየጣፈጠኝ ሄደ። «ግሩም! በል በአካል አረጋግጥና ፎቶ ላክልን» አለች።

በማግስቱ በባጃጅ ሄድኩ። ስልኬ ላይ ያለው ካርታ ወደ መናኸሪያው ጀርባ አዞረን። ሰማያዊውን በር ሳይ ጥቁር መነጽሬን አደረግሁ። ሰማዩ ዳምኖ ነበር፤ መነጽር የሚያስፈልገው ፀሐይ አልነበረም። ባጃጁን አስቆምኩና ሳልወርድ ስልኬን ደገንኩ። እትዬ ከውስጥ ወጡ። መጀመሪያ ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ፣ ከዚያ ፊታቸው በራ፣ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። አውቀውኛል። ፎቶውን አንስቼ ሹፌሩን «ንዳው» አልኩት።

«ሴትዮዋ እየጠሩህ ነውኮ» አለኝ።

«ሌላ ሰው መስዬያቸው ነው» አልኩት።

ክፍሌ ገብቼ ፎቶውን አጎላሁት። ከእትዬ ኋላ በተከፈተው በር ውስጥ ግድግዳው ይታያል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስልክ ነው፣ እያንዳንዱ ላይ ክር አለ፤ ለአረም የገቡት ሠራተኞች ስልክ ነበር። ያኔ ገባኝ። እዚያ ቦታ በመቶ የሚቆጠር ሰው አያድርም። አንዲት ሴት ታድራለች። ሰዎቹ ያሉት ማሳው ውስጥ ነው፣ ካርታችን ባዶ ነው ብሎ ጥቁር የቀባው ቦታ ላይ። አዲስ አበባ ያሉት ባልደረቦቼ ይህን ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድ የላቸውም። እኔ ግን በአባቴ ጋቢ ላይ የታሰረውን ክር እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ።

እዚህ ላይ ደኅና ሰው ምን እንደሚያደርግ ግልጽ ነው። ስልክ አንስቶ «ተሳስቻለሁ፤ ሰው አይደለም፣ ስልክ ነው» ይላል። አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ናት። እኔ ግን በዋዜማው ያወራሁትን አሰብኩ፤ ፔንሲዮኑን፣ ምግብ ቤቱን፣ ሱቁን። ቋሚ ሠራተኛ ልሁን አልሁን የሚወሰነው በዚያው ወር ነበር። ውሸታም ተብዬ ከምታወቅ ውሸቱን ልጨርሰው ብዬ እንደወሰንኩ ዛሬ ይገባኛል። ፎቶውን ቆረጥኩት። እትዬም ስልኮቹም ወጡ፣ ቆርቆሮና ግማሽ በር ቀረ። ቅጹ ላይ «ቦታው በአካል ተረጋግጧል» የምትለዋ ሣጥን ውስጥ ምልክት አድርጌ ላክሁ። ከዚያ ወጥቼ ምሳ በላሁ። በደንብ በላሁ።

ጥናቱ ተወደደ፣ እኔም ቋሚ ሆንኩ። መስከረም ላይ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ ቦታ የሚፈልግ አንድ ደንበኛ ደላላ ላከ። ደላላው ካርታውን በስልኩ ይዞ መናኸሪያ ጀርባ በር ለበር ዞረ፤ በሳምንት ውስጥ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ቀዩ ላይ እንደሚኖር አወቀ።

የእትዬን ቤት ያከራዩት ሽማግሌ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አገኙኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ለዓመታት ያለ ውል፣ በቃል ብቻ፣ ኪራይ ሳይጨምሩ ያኖሯቸው ሰው ናቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ቤቴን ለኮምፒተሩ ያሳየኸው አንተ ነህ አሉ። እግዜር ይስጥልኝ ልጀ። ይችው ቆርቆሮ እርጅናየን ልትጦረኝ ሁኗል።»

«እትዬስ?» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ ብለህ ነው? እስከ ጥቅምት መድኃኔዓለም ልቀቂ ብያታለሁ። እሽ አለች። እሷ መች ክፉ ታውቃለች።»

ያን ጊዜም አልረፈደም ነበር። ለአለቃዬ መልእክት ጻፍኩ፣ አነበብኩት፣ አጠፋሁት። እንደገና «ስለ መተማዋ ነጥብ አንድ ነገር» እስከሚለው ድረስ ጻፍኩ፣ እሱንም አጠፋሁት። ይህን ያየ የተጨነቅሁ ይመስለዋል። ተጨንቄም ነበር፤ የተጨነቅሁት ግን ለራሴ እንጂ ለእትዬ አልነበረም።

ከመድኃኔዓለም በፊት ባለው ሳምንት እትዬ ራሳቸው መጡ። የተከራየሁበት ግቢ በር ላይ ቆመው «ቤቶች!» ሲሉ ድምፃቸውን አወቅሁት። እኔ በባጃጅ መሄድ ያቃተኝን መንገድ በጥቅምት ፀሐይ በእግራቸው መጥተዋል። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝና ጉንጬን ሳሙኝ።

«ምነው ከሳህሳ? ሥራ በዝቶበት ነው ሲሉኝ ጊዜ አልተቀየምሁም። የመንግሥት ሥራም የሰው ሥራም እንዲሁ ነው።» ከዚያ የመጡበትን ነገሩኝ። «ቤት ልቀቂ ተብያለሁ። አንተ ደሞ ሥራህ ቤት ማጥናት ነው አሉኝ። መብራት ያላት አንዲት ክፍል ፈልግልኝ። እኔስ የትም አድራለሁ፤ የልጆቹ ስልክ ነው እንጅ የጨነቀኝ። አጨዳ ላይ ናቸው፣ ማንም ቢደውል የሚያነሳለት ያጣል።»

ፈለግሁ። በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሬ እየዞርኩ የሰው በር አንኳኳሁ። አከራዮቹ ሁሉ አንድ ቋንቋ ነው የሚናገሩት። «ሠፈሩኮ ቀይ ነው፣ አልሰማህም?» ይሉኛል። አንዱማ ስልኩን አውጥቶ ካርታውን አሳየኝ፤ ቀይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ጥቁር ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ጣቱን እያመላከተ፣ ታግሦ አስረዳኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ገባኝ አልኩት። እትዬ አቅማቸው የሚችላት አንዲት ክፍል እንኳ ጠፋች።

መድኃኔዓለም አለፈ። እትዬ ስልኮቹን ከግድግዳው ነቅለው፣ በሁለት የሰሊጥ ጆንያ ከተው፣ የጎረቤታቸው በረንዳ ላይ አስቀመጧቸው፤ እሳቸውም ጆንያዎቹ አጠገብ ተቀመጡ። በረንዳው ላይ ሶኬት የለም። ስልኮቹ አንድ በአንድ ባትሪያቸውን እየጨረሱ ጠፉ። እኔ ያለኝ ሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ ውስጥ ከኮምፒውተሬና ከአንድ ወንበር በቀር ምንም አልነበረም። እሳቸው ስጠኝ አላሉኝም። እኔ ግን ይውሰዱት ለማለት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ምክንያቱን አልደብቅም፤ በየቀኑ ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሄጄ ጆንያዎቹን በባጃጅ አመጣኋቸው። ግድግዳው ላይ ሚስማር መታሁ፣ ሶኬት ገዝቼ ዘረጋሁ። እትዬ ደስታቸውን የሚያደርጉበት አጡ። ሳላስበው ስልኬን ከእጄ ወስደው አረንጓዴ ክር አሰሩበት፣ ግማሹን ክር እጄ ላይ አሰሩልኝ፣ ስልኬንም ከሌሎቹ ጋር ሶኬት ላይ ሰኩት።

«አንተም የሳሉግ ልጅ ነህ፣ እንዳትጠፋብኝ» ብለው ሳቁ።

አዲስ አበባ ላይ የሳሉግ ልጅ መሆኔን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያን ዕለት ስባል ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴን ሳስተውል ደግሞ ፊቴ ተቃጠለ። እሳቸው ይህን ሁሉ ውለታ እየቆጠሩልኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ገና በጠዋቱ አንድ የጎጃም ሰው መጣ፤ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ እጁ በሰሊጥ ሙጫ የጠቆረ። ጎረቤት ጠይቆ ነው አዲሱን ቤት ያገኘው። እጁን ዘረጋ፤ ሐምራዊ ክር ነው፣ ሁለት ቋጠሮ አለው። እትዬ «እሰይ የኔ ልጅ፣ በደኅና ወጣህ?» እያሉ ስልኩን ሰጡትና ውሃ ሊቀዱለት ዞሩ። ወንድሙ በእነዚያ ሦስት ቀናት ደጋግሞ ደውሎለታል። ስልኩ ጠፍቶ ሲያገኘው ጽፎ ልኮለታል። የተጻፈውን ደግሞ እትዬ ማንበብ አይችሉም። ሰውየው ቆሞ አነበበው። መጀመሪያ አባታቸው ማረፋቸውን፣ ነገ እንደሚቀበሩ፣ እንዲደርስ ይላል። ቀጥሎ ያለው አጭር ነው።

«ቀብረነዋል ይላል» አለ ሰውየው። ለማንም አልነበረም የሚናገረው።

እትዬ ጮኹ። ሽማግሌ የለ፣ የአገር ልጅ የለ፣ ውሃው ገና እጃቸው ላይ ነው። እሳቸው ዘንድ አደራ ካስቀመጠው ሰው ሁሉ መርዶውን ከስክሪን ላይ ያነበበ እሱ የመጀመሪያው ነው። «እኔ ነኝ፣ እኔው ነኝ ስልክህን ያጠፋሁብህ» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። ሰውየው የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ሰውየው ሲረጋጋ ተነሥቶ የእትዬን እጅ ያዘ።

«አንቱ ምን አደረጉ እናቴ? አንቱን ቤት የነሳዎትን ሰው እግዜር ይየው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተን ግን ቤትህን ይባርክልህ።»

«አሜን» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? አሜን አልኩ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አንድ የተነቀለ ሶኬት እያስተካከልኩ ሳለ የእኔ ስልክ ጮኸ። እንደ ሁሉም ስልክ ግድግዳው ላይ ነበር። እትዬ እንደ ልማዳቸው አነሱት፣ እንደ ልማዳቸውም ላውድ ስፒከር አደረጉት።

«አቤት፣ እኔ የስልኩ ጠባቂ ነኝ» አሉ።

ከወዲያ ያለችው አለቃዬ ግራ ገብቷት ስሜን ጠራች። እትዬ «አለ፣ ይኸው እዚሁ ነው» ብለው ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉት። እጄ ሳይደርስ ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው።

«ጉድ ልንገርህ! የመተማው ካርታ ዛሬ ታደሰ። ያ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ጭልም ብሏል። ግን ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ ቦታ ቀልቷል፣ በአንድ ሳምንት! ሰዉ ወደዚያ ዞሯል ማለት ነው። ደንበኛው ማረፊያውን እዚያ ልሥራ እያለ ነው። እንደ ባለፈው ሂድና ፎቶ አንስተህ አረጋግጥልኝ፤ የዚያን ቤት ጊዜ በጣም ቆንጆ አድርገህ ነው የሠራኸው።»

ቦታው የት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ቆሜበታለሁ። እትዬን አየኋቸው። ክር እየገመዱ ነበር፤ ጣታቸው ቆሟል። ሰማያዊ በር የሚለውን ሰምተዋል። አከራዬ መልካም ሴት ናቸው፣ ደላላው ግን ነገ በራቸው ላይ ይቆማል፤ እትዬም ጆንያቸውን ይዘው እንደገና ይወጣሉ። በነሐሴ ማለት የነበረብኝን ያቺን ዐረፍተ ነገር ያኔ አልኳት።

«ሰው አይደለም፣ ስልክ ነው። ያለፈውም ስልክ ነበር። ሠራተኞቹ እርሻ ሲገቡ ስልካቸውን አንዲት እናት ዘንድ አደራ ያስቀምጣሉ። እሳቸውን በእኔ ጥናት ምክንያት ከቤታቸው አስወጧቸው፤ አሁን ስልኮቹ ያሉት እኔ ክፍል ነው።»

ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ያኔ ይህን ታውቅ ነበር?» አለች።

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅህ ነው ተረጋግጧል ብለህ የላክህልኝ?»

«አዎ።»

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተባለ፣ ደብዳቤም መጣ፤ የሚገባኝ ስለነበር ስለ እሱ የምጽፈው የለኝም።

እትዬ ይቆጡኛል፣ ወይም ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢያደርጉት ደስ ባለኝ። የጠየቁኝ ግን ስለ ቤቱ አልነበረም።

«ያን ቀን በባጃጅ መጥተህ እጀን ሳነሳልህ» አሉ፣ «ያን ጥቁር መነጥር ስላረግህ አላየኝም ብየ ነበር። ጎረቤቶቸ ልጅሽ አልፎሽ ሄደ ሲሉኝ፣ አላየኝም እንጅ ቢያየኝ ይወርድ ነበር ብያቸዋለሁ። አላየኸኝም ነበር፣ አይዶል?»

መውጫ እየሰጡኝ ነበር። አዎ፣ አላየሁዎትም ብል አምነው እንደሚቀበሉኝ፣ ለጎረቤቶቻቸውም መልሰው እንደሚነግሩልኝ አውቃለሁ።

«አይቼዎታለሁ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሥተው ስልኬ ላይ ያለውን አረንጓዴ ክር ቋጠሮውን በጥርሳቸው አላልተው ፈቱት፣ ስልኩን እጄ ላይ አኖሩት።

«የልጆቹ ስልክ አጨዳው እስቲያልቅ እዚህ ይቆይ፣ እነሱ መብራት ይፈልጋሉ» አሉ። «ያንተን ግን ራስህ ያዝ።»

የፈቱትን ክር ከሌላው ክር ጋር መልሰው ጠቀለሉት። እጄ ላይ ያለውን ግማሽ ግን አልፈቱትም፤ እኔም እስከ ዛሬ አልፈታሁትም። ወዲያው ግድግዳው ላይ አንድ ስልክ ጮኸ። እትዬ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ አነሱት።

«ልጅዎ ደኅና ነው» አሉ ለአንዲት እናት። «እርሻ ገብቷል። እኔ የስልኩ ጠባቂ ነኝ።»